ለፍሬሽማን ላፕቶፕ ስትገዙ፦ ከሱቅ ሳትወጡ የሚፈተሸው ሁሉ

የእህቴ ልጅ የዩኒቨርሲቲ ምደባዋ በወጣ ሳምንት ቤተሰቡ ሁሉ የላፕቶፕ አዋቂ ሆነ። ታላቅ ወንድሜ «አይ ሰቨን ካልሆነ እንዳትገዙ» አለ፤ የፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የላፕቶፑን አንጎል፣ ስም መጥራቱ ነው። ጎረቤታችን እትዬ «ፓክድ ግዙላት፣ የሰው ዕቃ ምን ያደርጋል» አሉ። አሜሪካ ያለችው አክስቷ «እኔ እልካለሁ፣ ጠብቁ» አለች። ልጅቷ ደግሞ የፈለገችው ቀጭንና ቀለሙ የሚያምር ነው። ገዢ ሆኜ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ከሦስት ዓመት በፊት ለወንድሟ ስገዛ በደንብ ተሸውጃለሁ። በእኛ ቤት ከዚህ የበለጠ የሥራ ልምድ ያለው ሰው የለም።

ያኔ የሆነው እንዲህ ነው። ሻጩ ላፕቶፑን ከፍቶ «ጋሼ፣ አይ ሰቨን ነው እኮ፤ አይ ፋይቭ ምን ያደርግልዎታል?» አለኝ። እኔም አይ ሰቨን የሚለውን ሰምቼ ከፈልኩ። ቤት ስንደርስ ለመነሳት ሦስት ደቂቃ ፈጀ። ባትሪው አርባ ደቂቃ አልሞላም። በኋላ ነው ዕቃው አራተኛ ጀነሬሽን፣ ማለትም ያረጀ ትውልድ፣ መሆኑን ያወቅኩት። ስለዚህ የሚከተለው መመሪያ በከፊል የተጻፈው በእኔ ብር ነው።

1. ዲፓርትመንቱ ገና እንዳልታወቀ አስቡ

ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ ገቢ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያሳልፈው የጋራ ኮርስ እየወሰደ ነው። ናቹራል ወይም ሶሻል ተብሎ ይገባል፤ ዲፓርትመንት የሚመረጠው በኋላ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ ለመማር ከባድ ማሽን አያስፈልግም። ሥራው ፒዲኤፍ ማንበብ፣ አሳይመንት በወርድ መጻፍ፣ ለፕሬዘንቴሽን ስላይድ ማዘጋጀት ነው።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ልጄ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ነው የሚገባው» ብሎ ከባድ የጌም ላፕቶፕ ይገዛል። ልጁ አካውንቲንግ ይደርሰዋል። ከዚያ አራት ዓመት ሙሉ ጡብ የሚያክል ቻርጀር ይዞ ላይብረሪ ይመላለሳል። ሌላው ደግሞ «ለመጻፊያ ብቻ ነው» ብሎ የማይጨመርበት ትንሽ ዕቃ ይገዛል። ልጅቷ ሁለተኛ ዓመት ላይ አርክቴክቸር ትገባለች። ያ ዕቃ ያን ቀን ይሞታል።

እኔ የደረስኩበት መፍትሔ ዛሬ የሚበቃ፣ ነገ ግን ተከፍቶ የሚጨመርበት ላፕቶፕ መግዛት ነው። ራሙ፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ቦታ፣ የሚቀየር፤ ስቶሬጁ፣ ማለትም ፋይል የሚቀመጥበት፣ የሚቀየር፤ ባትሪው የሚቀየር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚህ ይመለሳል።

ስለ ኋላው ለመገመት ያህል፣ አካውንቲንግና ማኔጅመንት ኤክሴልና ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም ነው። ሶሻል ሳይንስና ጤና ኤስፒኤስኤስ የሚባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይጨምራሉ። እነዚህ ሁሉ 8 ጊጋ ራም ይበቃቸዋል። ሲቪል ላይ ኦቶካድና ኢታብስ የሚባሉ የንድፍና የሕንፃ ስሌት ፕሮግራሞች አሉ፤ 16 ጊጋ ቢሆን ይመረጣል። ሶፍትዌርና ኮምፒውተር ሳይንስም እንደዚያው። የተለየ የግራፊክስ ካርድ በእውነት የሚያስፈልገው በዋናነት አርክቴክቸር ነው፤ የሕንፃ ንድፍ የሚሠራበት ሬቪት ሲከፈት፣ በተለይ ንድፉ ሉሚዮን በሚባለው ፕሮግራም ሬንደር ሲደረግ፣ ማለትም እውነተኛ ወደሚመስል ምስል ሲቀየር።

ብር ከሌለ ደግሞ አንደኛው ሴሚስተር ያለ ላፕቶፕ ይታለፋል። ብዙ ልጅ በስልክና በቴሌግራም ሞጁል እያነበበ አልፏል። ተበድሮ መጥፎ ዕቃ ከመግዛት ሁለተኛ ሴሚስተር ድረስ መጠበቅ ይሻላል።

2. ፓክድ ወይስ ዩዝድ?

የብር መጠን እዚህ አልጽፍም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዛሬ የተጻፈ ዋጋ ለወር አይታመንም። በአንድ ቀን ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ መካከለኛው ዋጋ ያ ነው።

ለጎረቤታችን ያልነገርኳቸው ነገር ይህ ነው፦ በካርቶን የታሸገ አዲስ ዕቃ ሁሉ ጥሩ ዕቃ አይደለም። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጠው አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ሴሌሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰር አለው። ራሙ 4 ጊጋ ነው፤ ያውም ቦርዱ ላይ የተበየደ። ስቶሬጁ 64 ጊጋ ነው። ዊንዶውስ ራሱ አብዛኛውን ይይዘዋል። ወርድና ክሮም አብረው ሲከፈቱ ያቃስታል። ይሸታል አዲስ አዲስ፤ ሥራ ላይ ግን ሽማግሌ ነው።

በዚያው ብር የሚገኘው ዩዝድ ደግሞ ውጭ አገር ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ገዝተው፣ ተጠቅመው፣ በጅምላ የሸጡት ነው። እነዚህ ለቢሮ የተሠሩ ስለሆኑ አካላቸው ጠንካራ ነው፤ ተከፍተው ይጠገናሉ። መለዋወጫቸውም መርካቶ ሆነ መገናኛ ይገኛል። እኔ ዩዝድ እመርጣለሁ። የተሟላ አዲስ ለመግዛት አቅም ያለው ግን አዲሱን ይግዛ፤ ዋስትናው ብቻ ያዋጣል።

አክስት ከውጭ ትላክልን ከተባለም ሁለት ነገር ንገሯት። አንደኛ፣ ክሮምቡክ እንዳትገዛ፤ በዊንዶውስ ፈንታ የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ ነው። እዚያ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ኤስፒኤስኤስ፣ ፒችትሪ፣ ኢታብስ አይጫኑበትም። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ እዚህ ያለ ችግር ይሠራል። የማይገጥመው ሶኬቱ ብቻ ነው። ከግድግዳ እስከ ቻርጀሩ ሳጥን ያለውን ገመድ እዚህ መቀየር ቀላል ነው።

ማክቡክ ለሚመኙ፦ ኤም1ና ከዚያ በኋላ የመጡት ባትሪያቸው ግሩም ነው። ግን ራሙም ስቶሬጁም አይጨመርም። ሬቪት፣ ኢታብስ፣ የካርታ ሥራው አርክጂአይኤስ፣ ፒችትሪ ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው። ዲፓርትመንቱ ላልታወቀ ልጅ ውርርድ ይሆናል።

3. የፕሮሰሰሩን ቁጥር ማንበብ ተማሩ

ወንድሜ ይቅር ይበለኝ እንጂ «አይ ሰቨን» የሚለው ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። ዋናው ከኋላው ያለው ቁጥር ነው። አይ5-8250ዩ ሲል የመጀመሪያዋ 8 ስምንተኛ ጀነሬሽን ማለቷ ነው። አይ5-1135ጂ7 ሲል ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች፣ 11፣ አሥራ አንደኛ ማለት ናቸው።

እኔ ከስምንተኛ በታች አልገዛም። ስምንተኛ ለምን ድንበር ሆነ? ሁለት ምክንያት አለው። በእነዚህ ቀጫጭን የቢሮ ላፕቶፖች ላይ እስከ ሰባተኛ ድረስ አይ ሰቨን እንኳ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት የሥራ ክፍል፣ ብቻ ነበረው። በስምንተኛው አይ ፋይቭ አራት ሆነ። ስለዚህ አይ5-8250ዩ ከአይ7-7500ዩ ይበልጣል፤ እኔ ከገዛሁት አይ7-4600ዩማ አይወዳደርም። ሌላው ምክንያት ዊንዶውስ 11 ነው። ከኢንቴል ኮር ቤተሰብ ማይክሮሶፍት በይፋ የሚቀበለው ከሞላ ጎደል ከስምንተኛ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ከስምንተኛ በታች መግዛት ጡረታ የወጣ ዕቃ መግዛት ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። ሻጮች «ጂ5 ነው» ሲሉ አምስተኛ ጀነሬሽን የሚመስለው አለ። ያ የኤችፒ የራሱ ቁጥር ነው። ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ስድስተኛ፣ ጂ4 በአብዛኛው ሰባተኛ፣ ጂ5 በአብዛኛው ስምንተኛ ነው። «በአብዛኛው» ያልኩት ጂ5 ሆኖ ሰባተኛ ፕሮሰሰር ያለውም ስላለ ነው። ስሙን ትታችሁ ቁጥሩን አንብቡ።

4. ራምና ስቶሬጅ

8 ጊጋ መነሻው ነው። ከዚያ በታች አትጀምሩ። ከመጠኑ በላይ ግን ማስገቢያው ይጠየቅ፦ ስንት ነው? ባዶ አለ? ሁለት ማስገቢያ ኖሮት አንዱ ባዶ ከሆነ፣ ነገ ሌላ 8 ጊጋ ትጨምራላችሁ፤ አለቀ።

ስቶሬጁ ኤስኤስዲ የሚባለው፣ ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው ዓይነት ይሁን። 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ይሻላል። «1 ቴራ አለው» ሲባል ዓይናችን ይበራል፤ ግን ያ ነው ሦስት ደቂቃ የሚያስጠብቀው። ፊልም የሚያጠራቅም ልጅ ፍላሽ ወይም ኤክስተርናል ይግዛ።

5. የትኛውን ልፈልግ?

እኔ ወረቀት ላይ ጽፌ የወጣሁት ሦስት ስም ነው። ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 7490፣ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480። ሦስቱም 14 ኢንች ናቸው፤ ሦስቱም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ክብደታቸው ከ1.5 ኪሎ ብዙ አይርቅም። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ አንዱ ከሥር የሚነቀል። መብራት ለሚጠፋበት ግቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውስጠኛው ኃይል ካለው፣ ውጫዊውን ሳታጠፉት ነቅላችሁ ሌላ ትሰካላችሁ።

ከእነሱ የሚመሳሰሉ ቀጫጭኖች፣ ለምሳሌ ቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦን፣ ያምራሉ፤ ግን ራማቸው የተበየደ ነው። እነሱን የምትገዙ ከሆነ 16 ጊጋ ያለውን ብቻ።

ስክሪኑን እዩ። ቲ480 አንዳንዱ 1366 በ768 የሆነ ደብዛዛ ስክሪን ይዞ ይመጣል። 1920 በ1080 መሆኑን ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ። ኤክሴል ላይ ስትሠሩ ልዩነቱ ይገባችኋል።

6. ሱቅ ውስጥ፦ ሃያ ደቂቃ ውሰዱ

መገናኛ አንድ ሕንፃ ላይ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን። ልጅቷ ከኋላዬ ናት። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ላፕቶፕ እንደ መጽሐፍ ተደርድሯል። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ ትሁት ነው። 840 ጂ5 አወጣልን። ከላይ ሲታይ ጭረት እንኳ የለውም።

«ቻርጀሩን ንቀልልኝ» አልኩት። ይህ የመጀመሪያው ነገር ነው። ቻርጀር ተሰክቶ የሞተ ባትሪም ጤነኛ ይመስላል።

ከዚያ ሰርች ላይ ሲኤምዲ (cmd) ብዬ ጥቁሩን መስኮት ከፈትኩ። ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ፣ ባተሪሪፖርት (powercfg /batteryreport) ብሎ መጻፍና ኢንተር መምታት ነው። ባተሪና ሪፖርት አይለያዩም። ሪፖርቱ የተቀመጠበትን ቦታ ይነግራችኋል፤ በብራውዘር ይከፈታል። ሁለት ቁጥር ፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲ እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው ሲወለድ የነበረው ነው። ሁለተኛው ዛሬ የቀረው ነው።

የእኛው ሲወለድ 50 ሺህ ሚሊዋት-አወር ገደማ ነበር። ዛሬ 19 ሺህ። ባለሱቁ ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አስግጎ አየ። «ወንድሜ፣ ከግማሽ በታች ነው» አልኩት። ፈገግ ብሎ «ጋሼ እርስዎስ ነቄ ነዎት» አለኝና ከላይ ሌላ አወረደ። ያኛው 41 ሺህ። እሱን መረጥን። ከሦስት ዓመት በፊት ይህን ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ባውቅ ኖሮ!

የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ሰማንያ በመቶ አካባቢ ከሆነ ጥሩ። ስድሳና ሰባ ከሆነ ዋጋ ይቀነስ። ከስድሳ በታች ከሆነ ሌላ ዕቃ ያምጣ፣ ወይም የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይነሳልን። ቲ480 ላይ ሪፖርቱ ሁለት ባትሪ ያሳያል፤ አንዱን ብቻ አይታችሁ አትመኑ።

ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ የፕሮሰሰሩ ቁጥር አለ። ሜሞሪ ላይ ስንት ማስገቢያ እንደተያዘ ይጽፋል። ዲስኩ ኤስኤስዲ መሆኑንም ያሳያል። ጥርጣሬ ካላችሁ ላፕቶፑን አጥፍታችሁ ባዮስ፣ ማለትም ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ሴቲንግ፣ ውስጥ ግቡ፤ ዊንዶውስ ላይ የሚታየውን የፕሮሰሰር ስም የሚቀይሩ አሉ። ኤችፒ ላይ ኤፍ10፣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ቲንክፓድ ላይ ኤፍ1 ሲነሳ ደጋግሞ መጫን ነው። ባዮሱ ፓስወርድ ከጠየቀ ያን ዕቃ አትግዙ። የቀድሞው ኩባንያ ቁልፍ አልወጣለትም ማለት ነው፤ ቆይቶ ጣጣው የእናንተ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ አለ። ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ ፎርማት ሲደረግና ኢንተርኔት ሲያገኝ «ይህ የእከሌ ድርጅት ንብረት ነው» ብሎ የሠራተኛ ኢሜይል ሊጠይቅ ይችላል። ማክቡክም ላይ አለ። ስለዚህ ሻጩን ሪሴት አድርገህ በዋይፋይ አስነሳልን በሉት። ጊዜ ይፈጃል፤ ሻይ ጠጡ። «አያስፈልግም፣ እኔ እያለሁ» የሚል ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የቀረው በእጅና በዓይን ነው። ኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱን ቁልፍ ጻፉ፤ ስፔስንና ባክስፔስን ደጋግሙ። ስክሪኑን ነጭ አድርጋችሁ የሞተ ነጥብ ወይም ቢጫ ጥላ ፈልጉ። ካሜራውን ክፈቱ። ድምፅ ቅዱና ስሙት። በየዩኤስቢ ቀዳዳው ፍላሽ ሰኩ፤ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክዳኑን በአንድ እጅ ከፍታችሁ ዝጉ፤ ማጠፊያው ከተንጓጓ ወይም ሲከፈት ከተሰነጠቀ ቦታ ድምፅ ከሰማችሁ ተዉት። የዩቲዩብ ቪዲዮ አስር ደቂቃ ይጫወት፤ ፋኑ እንደ ወፍጮ የሚጮህ ከሆነ ውስጡ አቧራ አለ፣ ወይም ፋኑ ሊሞት ነው። ከቁልፎቹ በታች ያለው መዳሰሻ ወደ ላይ ካበጠ ከሥሩ ያለው ባትሪ እያበጠ ሊሆን ይችላል። እሱን በነፃም አትውሰዱ።

በቴሌግራም አይታችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ፎቶው ያማረው ዕቃና ሱቅ የሚጠብቃችሁ ዕቃ ወንድማማች እንኳ ላይሆኑ ይችላሉ።

7. ክፍያና ደረሰኝ

ዋጋ ላይ ስትከራከሩ ብር ብቻ አትቀንሱ። «ይሁን፣ ግን ቦርሳና ማውስ ጨምርበት» የሚለው ብዙ ጊዜ ይሠራል። እኔ ቦርሳ አግኝቻለሁ። ቻርጀሩ ኦሪጂናል መሆኑን፣ ከታች ያለው የዋት ቁጥርም ከላፕቶፑ ጋር መስማማቱን እዩ፤ ለእነዚህ ሦስቱ 65 ዋት የተለመደው ነው።

ዋስትና የቃል አይሁን። ሱቆች አንድ ወር፣ ሦስት ወር፣ ስድስት ወር ይላሉ። ምን እንደሚሸፍን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፦ ይቀይራሉ ወይስ ይጠግናሉ? ሲሪያል ቁጥሩም እዚያው ይጻፍ። ያን ቁጥር በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ጥቅሙ ቆይቶ ይመጣል።

8. ዶርም ከመግባቱ በፊት

ቤት ስትደርሱ ሥራው አላለቀም። ሻጩ የጫነው ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተከፈተ፣ ሶፍትዌር ካለ አስወግዱ። የዊንዶውስ የራሱ አንቲቫይረስ ይበቃል፤ ግን ክፍት ይሁን። ግቢ አካባቢ ያሉ ፕሪንት ቤቶች ፍላሽ ላይ የሚያስገቡት፣ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይር ቫይረስ ዛሬም አልሞተም። ለፕሪንት የሚሆን ሌላ ትንሽ ፍላሽ ይኑራት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። ልጅቷ ኢንተርኔት የምትጠቀመው በስልኳ ሆትስፖት ከሆነ፣ ዊንዶውስ በአንድ ሌሊት አፕዴት ብሎ የወሩን ፓኬጅ ይጨርሳል። የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ሚተርድ ኮኔክሽን፣ ማለትም «ኢንተርኔቱ የተመጠነ ነው»፣ የሚለውን አብሩ። አፕዴቱ በግቢው ዋይፋይ ይወርዳል።

የአማርኛ ኪቦርድ ዊንዶውስ ውስጥ አለ፤ ላንጉዌጅ ሴቲንግ ላይ አማርኛን መጨመር ብቻ ነው። የአሳይመንት ፋይሎች ጉግል ድራይቭ ላይ ይቀመጡ፤ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል። ላፕቶፕ ቢጠፋ ይገዛል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ አይገዛም። ፓስወርድ ይኑረው።

ዶርም ውስጥ ሶኬት ጥቂት ነው፣ ሰው ብዙ ነው። ጥሩ ዲቫይደር ይዛ ትሂድ። አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጣ እንዳትሠራ ንገሯት፤ አየር መሳቢያው ይደፈናል። ሎከሯ የሚቆለፍ ካልሆነ ጠንካራ ቁልፍ ግዙላት።

እኛ በሸኘናት ቀን፣ በር ላይ ጥበቃው መዝገቡ ላይ ለመጻፍ ላፕቶፑን ገልብጦ ሲሪያሉን መፈለግ ጀመረ። ተለጣፊው ደብዝዞ አይነበብም። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ያነሳነውን ፎቶ አሳየችው። ጻፈና «ስትወጪም በዚሁ ቁጥር ነው» አላት።